በአምባ ጊዮርጊስ ስም ደጅ የሚጠናው ኩባንያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ ከወጣ በኋላ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ጧት ጧት ብርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ ያስደርባል። ከመንገዱ ዳር ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ የሚያልፈውን መኪና የሚቈጥር ሰው ቢገኝ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚያነበው አንድ ስም ነው። ጣራው ላይ የድንች ጆንያ የጫነው ሚኒባስ ቶዮታ ነው። ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ዋልያና ጭላዳ ሊያዩ የመጡትን የውጭ አገር ሰዎች ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገሠግሠው ላንድክሩዘር ቶዮታ ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ጭኖ አቧራ እያስነሣ ወደ ገጠሩ የሚታጠፈው ፒክአፕም ያው ቶዮታ ነው። የጭነቱን ሥራ አይሱዙ፣ የከተማውን ውስጥ ለውስጥ ባጃጅ ቢይዙትም፣ ሰውን ካገር አገር የማድረሱን ነገር ሁሉም ለዚህ ለአንድ ኩባንያ የተወለት ይመስላል።

እኛም ባለፈው ሰሞን ዕድሜው ከረዳቱ ዕድሜ በሚበልጥ በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ዳባት ስንጓዝ ነበር። ከአጠገባችን የተቀመጡት አንዲት እናት ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ከቈጠሩ በኋላ «ልጄ፣ ታሪፉ ደግሞ ጨመረ እንዴ?» ብለው ረዳቱን ጠየቁት። ረዳቱም አንገቱን ደፋ አድርጎ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ናፍጣው ነው እኮ» አላቸው። ከዚህ በኋላ ክርክር አልተነሣም። ናፍጣ ባለሥልጣን ነው፤ ይግባኝ የለበትም።

ይሁን እንጂ በዚያ አጭር መልስ ውስጥ ብዙ ነገር ታጭቆ ይገኛል። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ይደርሳል፤ መንግሥት ያደርግለት የነበረው ድጎማ ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ስለ ተወሰነ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ለጊዜው የተለየ አስተያየት ቢደረግለትም፣ ዋጋው ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም። ስለዚህ መኪና በምን ይንቀሳቀስ የሚለው ጥያቄ ለወገራ ሰው የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም፤ በመቀነቱ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ታዲያ ይህ ጥያቄ ከአምባ ጊዮርጊስ እጅግ ርቀው በሚገኙ አዳራሾች ሲመከርበት፣ ሲዶለትበትም ከርሟል። በምክሩ ላይ ከሁሉ አብልጦ ከደከሙት አንዱ ደግሞ የዚህ ሚኒባስ ሠሪ ነው። ለዛሬ ለአንባብያን ልናወጋ ያሰብነው ይህንኑ ነው። (የውጭ አገሩን ነገር ስናነሣ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስናነሣ በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ኩባንያዎች በመንግሥታት ዘንድ የሚያደርጉትን ይህን ዐይነቱን ድካም ፈረንጆቹ በአንድ ልዩ ቃል ይጠሩታል። እኛ ግን ቃል መበደር የሚያስፈልገን አይመስለንም። የጎንደር ሰው ይልቁንም ነገሩን ከነስሙ ያውቀዋል፤ ደጅ ጥናት ነው። ጕልት ወይም ሹመት የፈለገ ሰው በመኳንንቱ ደጅ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ይቆም ነበር፤ ክረምትና በጋ ይቈጥር ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ እጅ እየነሣ ስሙ እንዲታወስለት ይለምን ነበር። የዛሬው ደጅ ጥናት ከጥንቱ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባለጉዳዩ ራሱ አይቆምም፤ ደመወዝ የሚከፈላቸውን ነገረ ፈጆች ይልካል። ሁለተኛ፣ ደጁ ብዙ ነው፤ ሚኒስቴሩም፣ እንደራሴውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጋዜጣውም ደጅ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይከፋል፤ የጥንቱ ደጅ ጠኚ «ለእኔ ይሁንልኝ» ብሎ በስሙ ይለምን ነበር፤ የዛሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው የሚለምነው።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመ የጃፓን ኩባንያ ነው። ሥሩ ግን የሽመና ቤት ነበር። የመሥራቹ የኪይቺሮ ቶዮዳ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ የሸማ መሥሪያ መኪና ፈልስፎ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። የሸማኔን ልጅ በእጁ ሥራ ስትንቅ የኖረች አገር ይህን ሰምታ ብታፍር የሚበዛባት አይደለም። ይህ ኩባንያ በ2024 ከእኅት ኩባንያዎቹ ጋር ሆኖ ወደ 10.8 ሚሊዮን መኪና ሸጧል፤ በቀን ቢካፈል ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ነው። በዓለም የሚወዳደረው የለም።

ስለ አየር ንብረት ጉዳይም መጀመሪያ ላይ ስሙ የሚመሰገን ነበር። በ1997 መጨረሻ ፕሪየስ የምትባለውን፣ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምራ የምትይዘውን መኪና ለገበያ አወጣ። ይህ ሃይብሪድ የሚባለው አሠራር ቤንዚን በመቈጠብ በኩል ያስገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ሌሎቹ መኪና ሠሪዎች ሲሣለቁ እርሱ ሠርቶ አሳየ። ነገር ግን ሰው በአንድ ነገር ሲሳካለት ያንኑ ነገር የዓለም ፍጻሜ አድርጎ ማየቱ የተለመደ ነው። ሌሎቹ ቤንዚኑን ጨርሰው ጥለው በባትሪ ብቻ ወደሚሄደው መኪና ሲያመሩ ቶዮታ በሃይብሪዱና በሃይድሮጂኑ ጸና። በ2023 ቶዮታና ሌክሰስ በሚል ስም ከተሸጡት መኪናዎች መካከል በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ነጋዴ የፈለገውን ሠርቶ የመሸጥ መብት አለው፤ በዚህ የሚፈረድበት የለም። የምንመረምረው ኩባንያው በመንግሥታት ደጅ ያደረገውን ነው።

በ2019 የካሊፎርኒያ ክፍለ አገር ከማዕከላዊው መንግሥት የበለጠ ጥብቅ የሆነ የጭስ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለማስከበር ሲሟገት፣ ፎርድ፣ ሆንዳ፣ ቢኤምደብልዩና ፎልክስዋገን ከካሊፎርኒያ ጋር ስምምነት አደረጉ። ቶዮታ ግን ከጄኔራል ሞተርስና ከፊያት ክራይስለር ጋር ሆኖ ሥልጣኑን ሊነጥቅ በተነሣው በፕሬዚዳንት ትራምፕ መንግሥት በኩል በክርክሩ ገባ። ፕሬዚዳንቱ በምርጫ ከተሸነፉ በኋላ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ፣ በየካቲት 2021 ደግሞ ቶዮታና ሌሎቹ ከክርክሩ ወጡ። ደጁ ሲዘጋ ደጅ ጠኚው ወደ ሌላ ደጅ መዞሩ የታወቀ ነው።

በታኅሣሥ ወር 2020 የጃፓን መንግሥት በቤንዚን ብቻ የሚሄድ አዲስ መኪና ወደፊት እንዳይሸጥ ለማድረግ ሲያስብ፣ በዚያን ጊዜ የቶዮታም የጃፓን መኪና ሠሪዎች ማኅበርም ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ በአደባባይ ተቃወሙ። መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ቢሆን በበጋ ወራት ጃፓን የመብራት እጥረት ይገጥማታል፤ ለማስተካከሉም ከ14 እስከ 37 ትሪሊዮን የን ያስፈልጋል አሉ። በመኪናው ሥራ የሚተዳደረው ሕዝብ 5.5 ሚሊዮን መሆኑንም ደጋግመው ያስታውሱ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በቀላሉ እንዳያልፈው እንለምናለን። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ፒስተን የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም። በጃፓን ገጠር ይህን ሁሉ እየሠሩ የሚኖሩ የአነስተኛ ፋብሪካ ሰዎች አሉ። ኩባንያው ስለ እነርሱ ሲናገር ሐሰት አልተናገረም፤ ስለ ራሱም ጭምር እየተናገረ መሆኑን ብቻ ነው ያልጠቀሰው።

በ2021 በግላስጎ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ፎርድ፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ መርሴዲስ፣ ቮልቮና የቻይናው ቢዋይዲ ጭስ የሚያወጡ አዳዲስ መኪናዎችን እስከ 2040 ድረስ መሸጥ ለማቆም በወጣው መግለጫ ላይ ሲፈርሙ፣ ቶዮታ አልፈረመም። (ፎልክስዋገንም አልፈረመ፤ ነገሩን በአንድ ሰው ራስ ላይ ብቻ እንዳናወርደው ነው።) በዚያው ወር ኢንፍሉዌንስማፕ የተባለው የኩባንያዎችን ደጅ ጥናት የሚከታተል ድርጅት ባወጣው ዝርዝር፣ የአየር ንብረት ሕግ እንዳይወጣ ወይም እንዲላላ በመሥራት ከኤክሰን ሞቢልና ከሼቭሮን ቀጥሎ በዓለም 3ኛ ሆኖ የተጻፈው ቶዮታ ነበር። ሁለቱ ነዳጅ ቈፋሪዎች ናቸው፤ ነገራቸው ይገባናል። ሦስተኛው ፕሪየስን የሠራው መሆኑ ግን ብዙ ሰው አስገርሟል።

ከሁሉ ይልቅ ለሰሜን ሰው ቅርብ የሚሆነው ግን የአውስትራልያው ነው። አውስትራልያ በ2024 የመኪናዎችን የጭስ መጠን የሚወስን ሕግ ስታዘጋጅ፣ የመኪና ሠሪዎቹና አስመጪዎቹ ማኅበር ሕጉ እንዲላላ አጥብቆ ተሟገተ፤ ቶዮታም ሕጉ እንዲቀልልና ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ቴስላና ፖልስታር በማኅበሩ ተቈጥተው ለቀው ወጡ። በመጨረሻ በመጋቢት ወር መንግሥት ረቂቁን አሻሻለ፤ ላንድክሩዘርንና መሰሎቹን ከቤት መኪናዎች መደብ አውጥቶ፣ ሕጉ ወደሚቀልበት ወደ ቀላል የንግድ መኪናዎች መደብ አዛወራቸው። ሕጉ ወጣ፤ ላንድክሩዘር ግን መደቡን ለወጠ። እንግዲህ የሰሜንን ተራራ የሚወጣው መኪና በአንድ ወቅት በካንቤራ ደጅ በስሙ ተለምኖለት ነበር ማለት ነው።

ከኩባንያው ባለአክሲዮኖች መካከልም በዚህ ያልተደሰቱ ተገኝተዋል። በሰኔ ወር 2023 በተደረገው ጉባኤ ሦስት የአውሮፓ የገንዘብ ተቋሞች፣ ኩባንያው በመንግሥታት ዘንድ የሚያደርገውን ሁሉ በየዓመቱ መርምሮ እንዲገልጽ ሐሳብ አቀረቡ፤ የደገፋቸው ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ከ2021 ጀምሮ ስለ አየር ንብረት ሕግ ያለውን አቋም የሚገልጽ መጽሔት እያወጣ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹ ግን ይህ አልበቃንም ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ለኩባንያው ያለውን እውነት መስጠት ተገቢ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. (ፈረንጆቹ በጥር 2024 በሚሉት) አሁን የኩባንያው ሊቀ መንበር የሆኑት አኪዮ ቶዮዳ ያደረጉት ንግግር ተሰምቶ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ምንም ቢስፋፋ ከገበያው ከመቶ 30 አይበልጥም አሉ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱም በዓለም ላይ መብራት የሌለው አንድ ቢሊዮን ሕዝብ አለ፤ እኛም ለእነዚህ አገሮች መኪና ስለምናቀርብ በባትሪ ብቻ የሁሉንም ሰው መጓጓዣ መሸፈን አይቻልም የሚል አሳብ ሰነዘሩ። ጠላታችን ካርቦን ነው እንጂ ሞተር አይደለም የሚለው የቀድሞ ነገራቸውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ ደነገጥን ብንል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም ያ አንድ ቢሊዮን ሕዝብ የሚባለው እኛ ነን። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚሆነው እስካሁን ከመብራት ያልተገናኘ ነው፤ የተቀረውም ቢሆን መብራት አለው ማለት ሁልጊዜ ይበራለታል ማለት አይደለም። ከአምባ ጊዮርጊስ ዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ጥቂት ሰዓት በእግሩ የሄደ ሰው ሽቦውም ምሰሶውም ከኋላው ይቀሩና ኩራዝና የፀሐይ አምፑል ወደሚያበራበት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ የተናገሩት ነገር ሐሰት ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ወገራን ያላየ ሰው ነው።

ጥያቄው ግን እውነቱ የት ተነገረ የሚለው ነው። ኩባንያው ይህንን የእኛን ጨለማ ይዞ የቆመው በአዲስ አበባ ደጅ አይደለም። በዋሺንግተንና በቶኪዮ፣ በካንቤራም ደጅ ነው ሲሟገት የኖረው፤ በዚያ ደግሞ መብራት የሌለው ቤት የለም። የካሊፎርኒያ ሰው ባትሪ እንዳይገዛ የወገራ ገበሬ ኩራዝ ምስክር ሆኖ ተጠራ። ምስክሩ ግን አልተጠየቀም፤ መጠራቱንም አያውቅም። በአንድ መንደር የሚኖር ባለጸጋ የጎረቤቱን ድኽነት እያሳየ የራሱ ግብር እንዲቀነስለት ቢለምን ምን ይባላል? ግብሩ ቢቀነስለት እንኳ ያ ጎረቤት በድኽነቱ እንዳለ ነው።

ኩባንያው ሌላም ሒሳብ አለው፤ አንድ፣ ስድስት፣ ዘጠና ይለዋል። ለአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚበቃው ማዕድን በባትሪም በቤንዚንም ለሚሄዱ፣ ከሽቦ ለሚሞሉ 6 መኪናዎች፣ ወይም ለ90 ሃይብሪዶች ይበቃል፤ 90ዎቹ ሃይብሪዶችም በዕድሜያቸው የሚያስቀሩት ካርቦን አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ከሚያስቀረው 37 እጥፍ ይሆናል ይላል። ሒሳቡ ማዕድኑ ውሱን ነው ብሎ ለተነሣ ሰው ያሳምናል። ለእኛ ግን ሁለት ነገር ይጐድለዋል። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስቀረው ጭስ መብራቱ ከምን እንደ መጣ ይወሰናል፤ በጃፓን ከፉኩሺማው አደጋ ወዲህ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ነው፤ የእኛው ግን ከሞላ ጐደል ሁሉም ከውኃ ነው። ሁለተኛ፣ 90ው ሃይብሪድ ጥቂት ጥቂት ቤንዚን ይጠጣል፤ ያም ጥቂት ጥቂቱ በዶላር ነው የሚገዛ። ለጃፓን ካርቦን የሚያስጨንቃትን ያህል ለኢትዮጵያ ዶላር ያስጨንቃታል፤ ይህ ደግሞ በአንድ፣ ስድስት፣ ዘጠና ውስጥ አልተቈጠረም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ፤ በሰው ላይ ብቻ መፍረድ አይገባምና።

የሚያስገርመው ነገር፣ ሊቀ መንበሩ ያንን በተናገሩበት በዚያው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ ሌላ አገር አልነበረም። ቶኪዮ ላይ «ለእነዚያ አገሮች ኤሌክትሪክ አይሆንም» ሲባል፣ ከእነዚያ አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ «ከኤሌክትሪክ በቀር አይሆንም» አለች። ሁለቱ ንግግሮች የተገናኙ አይደሉም፤ ወሩ ግን አንድ ነው።

ውሳኔው ድንገት የመጣ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጥሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው የጉምሩክ ቀረጥ ዜሮ፣ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚታየው ለውጥ ምስክር አያስፈልገውም። በሁለት ዓመት ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ቍጥር ወደ 100 ሺህ መድረሱን መንግሥት ገልጿል። አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። ከመካከላቸውም ቢዜድ4ኤክስ የተባለው የቶዮታው የራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ይገኛል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ኩባንያው በቃሉ የተጠራጠረውን ነገር ነጋዴው በእጁ ይዞት መጣ።

እንግዲህ በመርሕ ደረጃ ውሳኔውን እንደግፋለን። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነው። በራስ ውኃ መሄድ እየተቻለ በሰው ናፍጣ ለምን እንሄዳለን? ዳሩ ግን የወገራን መንገደኛ በዐይነ ልቡናችን ስናስበው የሚቈረቍረን ነገር አለ። ውሳኔው ሲነገር በስሙ የተጠራው አውቶሞቢል ነበር፤ አውቶሞቢል የሚገዛው የከተማ ባለገንዘብ ነው። እማማ የሚሳፈሩበት ያረጀው ሚኒባስ ነው። የሚኒባሱ ባለቤት ነገ ይህን መኪና ጥሎ ሌላ መግዛት ሲያስፈልገው ምን ይግዛ? አሮጌውን ቢል ግብሩ ሰማይ ደርሷል። የኤሌክትሪኩን ቢል፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ መልሱን ጨምሮ 200፤ ዳገቱ ባትሪ ይበላል፤ ብርዱም እንዲሁ ይበላል፤ መብራት በጠፋ ቀን የሚሞላበት ስፍራ አጥቶ የሚያድር መኪና ዕዳውን ለባንክ የሚከፍል መኪና አይደለም።

ይህን ስንል ግን ነገሩ አይቻልም ማለታችን አይደለም፤ እንደዚያ ብንል ከሊቀ መንበሩ ጋር አንድ ሆንን። የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ጠባይ አለው፤ ቍልቍለት ሲወርድ ሞተሩ ተገላቢጦሽ ሠርቶ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የናፍጣው መኪና በሊማሊሞ ሲወርድ ፍሬኑ እስኪሸት ድረስ የሚያባክነውን ኀይል ይህኛው ወደ ጎተራው ይከተዋል። ኢጣልያኖቹ በ1930ዎቹ ሊማሊሞን ሲቈርጡ ለዚህ ብለው እንዳልሠሩት የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ገደልና ዳገት የበዛበት አገር ለዚህ ዐይነቱ መኪና በአንድ በኩል ፈተና፣ በሌላው በኩል ሀብት ነው። ይህን መርምሮ፣ አሥራ ሁለት ሰውና ስድስት ጆንያ ጭኖ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ሳይሰበር የሚሠራ ሚኒባስ የሚሠራ ማነው? የባሕር ዳርና የጎንደርን ሜዳና ተራራ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በመኪናዎቹ ያጠና፣ መለዋወጫው በየገበያው የሚገኝ፣ መካኒኩ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታው አንድ ኩባንያ ካለ እርሱ ነው ቶዮታ። ለአንድ ቢሊዮን ሕዝብ እናስባለን ያለው ኩባንያ ሐሳቡን በዚህ ቢያሳየን ከግላስጎው ፊርማ ይበልጥብናል።

ከመንግሥትም ወገን የሚፈለግ አለ። የሰሜን ተራሮች ዝናብ በየወንዙ ወርዶ ተከዜን ይመግባል፤ ተከዜም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ባለው ግድብ ላይ ይሠራል። ውኃውን የሚሰጡት ቀበሌዎች ግን ብዙዎቹ በኩራዝ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ የመሙያ ጣቢያ ሽቦ ሲዘረጋ ወደ ገደብየና ወደ ዳባትም እንዲዘረጋ መጠየቅ ደጅ ጥናት ከተባለ፣ እኛ ደጅ ጠኚዎች መሆናችንን አንክድም፤ ነገር ግን በስማችን ነው የምንለምነው።

የዓለም ነፋስ ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ኩባንያው የዞረ መስሏል። ሃይብሪዱ በአሜሪካና በአውሮፓ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሽጧል፤ አሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ስትሰጠው የነበረውን 7,500 ዶላር ማበረታቻ በመስከረም 2025 አቋርጣለች፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2025 መጨረሻ የ2035ቱ ዕገዳ እንዲላላ ሐሳብ አቅርቧል። ኩባንያው «ብለን ነበር» ለማለት በቂ ምክንያት አግኝቷል። የሚያሳስበን እንግዲህ ይህ ነፋስ ወደዚህ ሲደርስ የሚሆነው ነው፤ በሀብታም አገር ያልተሸጠው የቤንዚን መኪና ወደ ድኻ አገር ሲገፋ የኖረ መሆኑን እናውቃለንና።

በ2020 ዓ.ም. ነገሩ በደጃችን ይሆናል። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በብራዚል ቤሌም በተደረገው ጉባኤ፣ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። ያን ጊዜ የመንግሥታቱ መልእክተኞች ብቻ አይመጡም፤ የነዳጁም፣ የሲሚንቶውም፣ የመኪናውም ኩባንያ ነገረ ፈጆች በየሆቴሉ ይሰፍራሉ። «መብራት ስለሌለው ሕዝብ» የሚለው ንግግርም መብራት በሌለው ሕዝብ አገር ላይ፣ በራሱ ዋና ከተማ፣ ምናልባትም በሚኒስትሮቻችን ፊት ይነገራል። የሚመልሰው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ መኪናውን ያውቃል፤ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ሽቦውን ያውቃል፤ የሚኒባስ ማኅበራቱ ደግሞ ዳገቱንና ሒሳቡን ያውቃሉ። እነዚህ ሦስቱ እስካሁን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ገጠር መንገድ የተነጋገሩበት ጊዜ ቢኖር ወሬው ወደ እኛ አልደረሰም።

ዳባት ስንደርስ እማማ ወረዱ። ረዳቱ ጆንያቸውን ከጣራ ካወረደላቸው በኋላ መልሳቸውን ቈጥሮ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ደግመው ቈጠሩትና፣ ጎደለ ሳይሉ፣ ሞላም ሳይሉ፣ በመቀነታቸው ቋጥረው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሾፌሩ ግን ሞተሩን አላጠፋም ነበር፤ ካጠፋው በግፊ ካልሆነ እንደማይነሣለት ነገረንና ወደ ደባርቅ ነዳው።